«ፋያ ዳይ»ን እንዴት እንየው?

የጄሲካ በሽርን ዘጋቢ ፊልም «ፋያ ዳይ»ን ለማየት የተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ «ታሪኩ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ፊልሙ ቶሎ አይመልስለትም። ድምፅ ይሰማል፣ ተናጋሪው አይታይም። ፊት በቅርበት ይታያል፣ አፉ ግን አይንቀሳቀስም። ጭስ፣ ጭጋግ፣ ውሃና እጅ በጥቁርና ነጭ ለሁለት ሰዓት ይፈራረቃሉ። ትዕግሥቱ ያለቀበትን ተመልካች አልወቅስም፤ ግን ፊልሙ መግቢያ በር አለው፤ እሱም የሚያተኩርበት ጫት ራሱ ነው።

በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ቀጣፊው፣ አሳሪውና ሾፌሩ ሁሉ ይጣደፋሉ። በሐረርጌ መንገድ የጫት መኪና ሲከንፍ ያየ ሰው ጥድፊያውን ያውቀዋል። ቃሚው ጋ ሲደርስ ግን ያው ቅጠል ጊዜን ያቆመዋል፤ ምርቃናው ሲይዝ ሰው ቁጭ ብሎ ሩቅ ይሄዳል። የፊልሙ አካሄድ የተቀዳው ከዚህ ነው። ጫት የሚለዩትና የሚያስሩት እጆች ሲፋጠኑ እናያለን፤ ወዲያው ደግሞ ምስሉ ረግቶ የአንድ ሰው ሐሳብ ውስጥ እንገባለን። ድምፅና ፊት የተለያዩትም ለዚህ ይመስለኛል፤ የምንሰማው በአፍ የሚወጣ ንግግር ሳይሆን በውስጥ የሚብሰለሰል ነው።

በእነዚህ ሁለት ጊዜዎች መሃል መሐመድ የተባለ ታዳጊ አለ። አባቱ ይቅማል፤ ልጁ ከአባቱ ጠባይ መለዋወጥ ጋር ይኖራል፤ ልቡ ግን ስደት ላይ ነው። በሐረር ሱፊዎች አፈ ታሪክ የሚፈለገው የዘላለም ሕይወት ውሃም በትረካው ውስጥ ይመላለሳል። ቃሚው በቅጠሉ፣ ስደተኛው በባሕሩ፣ ሱፊው በጸሎቱ ከዚህ ዓለም የሚወጡበትን መንገድ ይፈልጋሉ። ይህን ዝምድና ፊልሙ አይነግረንም፤ ምስሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለእኛ ይተወዋል።

ጥቁርና ነጩስ? ጫት የሚገመተው በመልኩ ነው፤ ለምለሙ ይወደዳል፣ የጠወለገው ይጣላል። አረንጓዴው ሲወሰድበት ሸቀጥነቱ ይደበዝዛል፤ ዓይናችንም ቅጠሉን ትቶ የያዘው እጅ ላይ ያርፋል። ይህ ውሳኔ ከፊልሙ ሁሉ ይበልጥ ይገርመኛል።

ጄሲካ ያደገችው ሐረር ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ከአገር ወጥታ ከዓመታት በኋላ ስትመለስ፣ የምታውቀውን ማሳ በጫት ተሸፍኖ አገኘችው። ካሜራውን ራሷ ይዛ አሥር ዓመት ያህል ተመላለሰች። እ.ኤ.አ. በ2021 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የታየው ይህ ሥራ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟ ነው። ሰዎቹ ካሜራ እንዳለ የረሱ የሚመስሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንዲህ ያለ መተማመን በአንድ ወር ቀረጻ አይገኝም።

አሁንም ከከበደዎት አስቀድመው «ሐይራት» የተሰኘውን አጭር ፊልሟን ይዩ፤ በሐረር ጅብ ስለሚመግብ ሰው ነው። ከዚያ ወደ «ፋያ ዳይ» ይመለሱና በጆሮዎ ይከተሉት፤ ኦሮምኛው፣ አማርኛውና ሐረሪው እየተቀያየሩ ማን ለማን እንደሚናገር ያመለክታሉ።