የጎማው ዳዶ አልፈታ ሲል

ዛሬ የምናነሳው የመኪናን ጎማ አጥብቆ ስለሚይዘው ዳዶ ነው። ትንሽ ብረት ናት፤ ግን እምቢ ያለች ዕለት ጉልበትን፣ የሥራ ቀንን፣ አንዳንዴም እጅን ታስከፍላለች።

ነገሩን ያስነሣብኝ የአጎቴ ጉዳይ ነው። አጎቴ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ በሀይፋ ወሽመጥ በሚገኝ ፋብሪካ ይሠራሉ። ባለፈው ክረምት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከነዌ ሻአናን ወደ ቼክ ፖስት ሲወርዱ የፊት ጎማቸው ተነፈሰ። ጎማ መቀየር ያውቃሉና አልደነገጡም። መኪናውን እዚያው ቁልቁለቱ ላይ አቁመው በክሪክ አነሡት፤ አራቱን ዳዶ ፈቱ፣ አምስተኛው ግን አልንቀሳቀስ አለ። መፍቻውን በእግራቸው ደጋግመው ሲረግጡት መኪናው ከክሪኩ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እጃቸው ከሥር አልነበረም። ጉልበታቸው ግን ተመታና ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀሩ።

«ጋሼ፣ ለምን አልደወሉልኝም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ለአንድ ዳዶ ብዬ ሰው ከእንቅልፉ ልቀስቅስ?» አሉኝ።

በኋላ ያየው መካኒክ እንደነገረን ዳዶው የተጣበቀው በዝገት አልነበረም። ከጥቂት ወራት በፊት ጎማ የለወጡበት ሱቅ በአየር መሣሪያ ከልክ በላይ አጥብቆት ኖሯል። ይህ በጣም የተለመደ ነው። ኢምፓክት የሚሉት ያ የሚጮኽ መሣሪያ ሥራ ያፋጥናል፤ ነገር ግን ሠራተኛው ጣቱን ካላነሣ ዳዶውን ሰው በእጁ ሊፈታው ከሚችለው በላይ ያጠብቀዋል። ሁለተኛው ምክንያት ዝገት ነው። እንደ ሀይፋና እንደ ክሪያት ያም ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች አየሩ እርጥበትና ጨው አለው፤ ለብዙ ዓመት ያልተፈታ ዳዶ ከጥርሱ ጋር ይያያዛል።

አሁን ወደ አፈታቱ እንሂድ። ከሁሉ በፊት ቦታው ነው። ሀይፋ ዳገት ናት፤ ዳገት ላይ ደግሞ ክሪክ አይታመንም። ጎማው ተንፍሶም ቢሆን በዝግታ ጥቂት ሜትር ነድታችሁ ደልዳላ ቦታ መድረስ ይሻላል፤ ጎማው ቢበላሽ ጎማ ነው። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ «ፒ» ላይ ይግባ፤ ከሚፈታው ጎማ በሰያፍ ትይዩ ያለው ጎማ ሥር ታኮ ወይም ትልቅ ድንጋይ ይደረግ።

ቀጥሎ አጎቴ የሳቱት ነገር ይመጣል። ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ነው። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ በመፍቻ መታገል የለም። እያንዳንዱን ዳዶ መሬት ላይ ሳለ ግማሽ ዙር ያህል አላልታችሁ ከዚያ በኋላ ብቻ መኪናውን አንሡ።

ዳዶ የሚፈታው ወደ ግራ ነው። ፊታችሁን ወደ ጎማው አዙራችሁ የመፍቻው እጀታ በግራችሁ በኩል አግድም እንዲቆም አድርጉና ወደ ታች ተጫኑ። ወደ ላይ መሳብ ወገብን ይጎዳል፤ ወደ ታች ስትጫኑ ግን የሰውነታችሁ ክብደት ይሠራላችኋል። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ በቀስ ተጫኑ እንጂ አትዝለሉበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ይጠቅማል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው መፍቻ ብዙውን ጊዜ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ላይ የ40 ኪሎ ጫና ብታሳርፉ 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። በብዙ አነስተኛ የቤት መኪኖች አምራቹ የሚያዘው ጥብቀት ከ100 እስከ 120 ስለሆነ በአግባቡ የታሰረ ዳዶ በዚህ ይላላል። በአየር መሣሪያ 200 የደረሰ ዳዶ ግን በዚያው መፍቻ ከ80 ኪሎ በላይ ጫና ይፈልጋል። እጀታው 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ያንኑ ዳዶ 35 ኪሎ ያህል ይፈታዋል። ስለዚህ ጎረምሳ ከመጥራት በፊት እጀታውን ማስረዘም ነው። በዕብራይስጥ «ያዲት ኮዋኽ» የሚባለው ረጅም እጀታ በመሣሪያ መሸጫ ይገኛል፤ ዋጋው ከአንድ ቀን ደመወዝ ያነሰ ነው። በመፍቻው እጀታ ላይ የሚጠልቅ ጠንካራ የብረት ቧንቧም ይሠራል።

ዋናው ነገር መፍቻው ከዳዶው ጋር ልክ መሆኑ ነው። የተለመዱት መጠኖች 17፣ 19 እና 21 ሚሊ ሜትር ናቸው። ስድስት ማዕዘን ሆኖ ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዘውን ምረጡ። የሚንቀዋለል መፍቻ የዳዶውን ማዕዘን ይበላዋል፤ ማዕዘኑ የተበላ ዳዶ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የመካኒክ ነው።

በዝገት የተያዘ ከሆነ ደብልዩ ዲ 40 ወይም የመሰለውን የሚረጭ ዘይት በጥርሱ ላይ ነፍታችሁ ቡና ለማፍላት የሚበቃ ጊዜ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ጠብቁ። ዘይቱ ፍሬኑን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ከዚያ መፍቻው ዳዶው ላይ እንዳለ በመዶሻ ቀለል አድርጋችሁ ምቱት፤ ዝገቱ ይሰነጠቃል። አሁንም እምቢ ካለ ወደ ቀኝ በጥቂቱ አጥብቃችሁ መልሳችሁ ወደ ግራ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ «ጢቅ» የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ ያኔ ተፈታች። እሳት ግን በፍጹም አይሞከር፤ ጎማ በሙቀት ሊፈነዳ ይችላል።

አምስት ዳዶ ኖሮ አንዱ ብቻ መልኩ የተለየ ከሆነ ተጣብቆ ሳይሆን የስርቆት መከላከያ ሊሆን ይችላል፤ በዕብራይስጥ «ቦርጌ ቢታኾን» ይሉታል። የሚፈታው በራሱ ትንሽ ቁልፍ ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት «ቁልፉ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ተጠባባቂ ጎማም መኖሩን እዩ። ብዙ አዳዲስ መኪኖች በጎማ ፈንታ የአየር መንፊያና የመድፈኛ ፈሳሽ ብቻ ነው ያላቸው።

ከከተማ ውጭ፣ ለምሳሌ በመንገድ ቁጥር 2 ወይም 4 ላይ ከሆናችሁ ምክሬ ሌላ ነው፤ ጎማውን አትንኩት። ቢጫውን አንጸባራቂ ሰደርያ ልበሱ፤ በመኪና ውስጥ መያዙ በሕግ ግዴታ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ከብረት አጥሩ በስተጀርባ ቁሙና ደውሉ። የዲዲም የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት በ1230 ሲደወልለት ያለ ክፍያ ይረዳል። የከተማ አቋራጭ መንገዶችን የሚያስተዳድረው የነቲቬ ይስራኤል ቁጥር ኮከብ 2120 ነው፤ አደጋ የሚያሰጋ ከሆነ ፖሊስ 100። የመኪና ኢንሹራንሳችሁ «ሺሩቴ ዴረኽ» የሚል ካለበት ደግሞ ለዚህ አገልግሎት አስቀድማችሁ ከፍላችኋል ማለት ነው፤ ቁጥሩን ዛሬውኑ ከወረቀቱ ላይ ወደ ስልካችሁ ገልብጡ። ልጆቻችሁ ዕብራይስጥ ስለሚቀላቸው እነሱ ያድርጉላችሁ።

ቋንቋውን ካነሣን አይቀር፤ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው፤ ስለዚህ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ብትናገሯቸው የሚሰማችሁ የለም። እዚህ ክሪክ «ጄክ»፣ ዳዶ «ኡም»፣ ቸርኬ «ጃንት»፣ ጎሚስታ ቤት «ፓንቸሪያ»፣ መኪና ጎታች «ግራር» ነው።

ጎማው ሲመለስ ዳዶዎቹ በመጀመሪያ በእጅ ይግቡ፤ ያለ መፍቻ ጥቂት ዙር ካልገቡ ጥርሳቸው ተዛብቷልና አታስገድዷቸው። የነፋችሁትን ዘይት ከጥርሱ ላይ በጨርቅ ጥረጉ፤ ዘይት ያለበት ጥርስ ሳይታወቅ ከልክ በላይ ይጠብቃል። የማጥበቁ ተራ በዙሪያ ሳይሆን በሰያፍ፣ እንደ ኮከብ አሳሳል ነው። መኪናውን አውርዳችሁ የመጨረሻውን ጥብቀት ስጡ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና አረጋግጡ። ቀጭኑ ጊዜያዊ ጎማ ከሆነ የገባው፣ አብዛኛውን ጊዜ በላዩ እንደተጻፈው ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይነዳበትም።

ወደ ፓንቸሪያ በምትሄዱበት ጊዜ ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። ሠራተኛው የአየሩን መሣሪያ ሲያነሣም ዝም አትበሉ። «ቤቫካሻ፣ ሊስጎር ኢም ማፍቴያኽ ሞሜንት» በሉት፤ እባክህ በመለኪያው መፍቻ አጥብቀው ማለት ነው። ፊቱን ቢያጠቁርም ያደርገዋል። አጎቴ አሁን ይህችን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ፊደል ጽፈው የመኪናው የፀሐይ መከላከያ ላይ ለጥፈዋታል፤ ባለፈው ወር አራቱንም ጎማ ሲለውጡ እያነበቡ አሏት። ቤት ሲደርሱም ደልዳላ ቦታ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ እያንዳንዱን ዳዶ ራሳቸው አላልተው መልሰው አጠበቁ። ሁሉም በእጃቸው ተፈታላቸው።