ላሟ ተወግታ ከሆነ ወተቷ ይጠጣል?

ዛሬ ትንሽ ሳይንስ የበዛበት ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ታገሱኝ።

የምሠራው መካነ ሰላም ነው። በቅርቡ አንዲት እናት መላ ሰውነታቸው በሽፍታ ተሸፍኖ፣ እያሳከካቸው መጡ። ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ካርዳቸው ላይ ተጽፏል። "መድኃኒት ወስደዋል እንዴ እናቴ?" አልኳቸው። "ኧረ ምንም አልቀመስኩ ልጄ!" አሉኝ። የበሉትን የጠጡትን እያስቆጠርኩ ስሄድ ግን የጎረቤት ወተት ተነሳ። ላሟ ጡቷ አብጦ መርፌ ስትወጋ ነው የሰነበተችው።

ሽፍታውን አስታገስንላቸው። ወተቱ ውስጥ ፔኒሲሊን ነበረ ወይ? የምመረምርበት መሣሪያ የለኝም። ጥርጣሬዬን ካርዳቸው ላይ ጽፌ ሸኘኋቸው።

ላም አንቲባዮቲክ ስትወጋ መድኃኒቱ ለተወሰኑ ቀናት በወተቷ ይወጣል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ (ኮዴክስ) በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ የሚፈቅደው ፔኒሲሊን 4 ማይክሮግራም፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን ደግሞ 100 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ናት! እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከደብረ ዘይትና ከናዝሬት የወተት እርባታዎች ከተወሰዱ 400 ናሙናዎች በ48ቱ ውስጥ የአንቲባዮቲክ ቅሪት አግኝቷል። ስለዚህ የገጠር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

"አፍልቼ እጠጣለሁ" የምትሉ አላችሁ። ማፍላት ለቲቢና ለብሩሴላ ግድ ነው፣ አትተዉት። ፔኒሲሊንን ግን ማፍላት ብቻውን አያጠፋውም።

የቆየው መመርመሪያ በባክቴሪያ የሚሠራ ነው። ወተቱ ባክቴሪያ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ይጨመርና በ64 ዲግሪ ለ3 ሰዓት ያህል ይሞቃል። ባክቴሪያው ካደገ ቀለሙ ከሐምራዊ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ መድኃኒት ካለ ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል። (እርጎ አልረጋ ሲላችሁም አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል፣ ብቸኛው ግን አይደለም።) ጉድለቱ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሆነ አይነግርም። ለእኔ ታካሚ ደግሞ ዋናው ጥያቄ እሱ ነበር።

አሁን ተመራማሪዎች የያዙት በብርሃን የሚሠራ ባዮሴንሰር ነው። እንደ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለ ንጥረ ነገር (ነጭ ቀለምና የፀሐይ ክሬም ውስጥ ያለው) በስሱ ይቀባል። ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ሶላር ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ላዩ ላይ አንድን መድኃኒት ለይቶ የሚይዝ አጭር የዲኤንኤ ክር፣ አፕታመር የሚባለው፣ ይተከላል። መድኃኒቱ ሲያዝ ኤሌክትሪኩ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል፤ ከለውጡ መጠኑ ይሰላል። የሚገባው ብርሃን፣ የሚለካው ኤሌክትሪክ በመሆኑ ሁለቱ አይደባለቁም፤ ለዚህ ነው በጣም ጥቂቷን መጠን እንኳ የሚይዘው። ብዙ መድኃኒት በአንዴ ለመለየት ደግሞ ለየአንዳንዱ የራሱ ነጥብ ይሠራለትና ብርሃኑ በየተራ ይበራበታል። ቴትራሳይክሊን፣ ካናማይሲን፣ ክሎራምፌኒኮል በዚህ መንገድ ተሞክረዋል። ወተት ግን ስብና ፕሮቲን አለው፣ ንጣፉ ላይ ይለጠፋል፤ ከቤተ ሙከራ ወደ ገበያ መውጣቱን ያከበደው አንዱ ይህ ነው።

እስከዚያው ላም ያላችሁ፣ ሐኪሙ መርፌውን ሳያስቀምጥ "ወተቷን ስንት ቀን ልድፋ?" ብላችሁ ጠይቁት። ቀኑ ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያል፣ ብልቃጡም ላይ ይጻፋል። የቀናት ወተት መድፋት ለአንድ ቤት ቀላል ኪሳራ አለመሆኑን አውቃለሁ። ገዝታችሁ የምትጠጡ ደግሞ ባለላሟን ጠይቁ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን ዛሬውኑ ንገሩት፤ ወተት ጠጥቶ ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።