ምዕራፍ 7፦ የማይበራው መብራት

የድሮ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ሲያይ ይደነግጣል። እኔ ግን በዚህ ምዕራፍ ላስፈራራዎ የምፈልገው በማይበራው ነው።

ጀሞ የሚኖር አንድ ወዳጄ በደላላ በኩል ዲኤክስ ገዛ። ቀለሟ የታደሰ፣ ወንበሯ የለበሰ፣ ሞተሯ የታጠበ። (ያገለገለ መኪና ሞተሩ ታጥቦ ከቀረበልዎ ይጠርጥሩ፤ ከአቧራው ጋር ዘይት የሚያፈስበትም ቦታ አብሮ ይታጠባል።) ሁለት ዓመት ሙሉ ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር «ይቺ ልጅ እኮ አንድ ቀን ቀይ አሳይታኝ አታውቅም» እያለ ይኩራራብን ነበር። አንድ ቅዳሜ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ለቡ ሲሄድ ከኮፈኑ ሥር ድንጋይ የገባበት ወፍጮ የመሰለ ድምፅ ሰማ። «እንደምንም ጋራዥ ላድርሳት» አለ። አልደረሰችም፤ ሞተሩ ነከሰ። ዘይቱ በሥር ፈስሶ አልቆ ኖሯል።

ኤሌክትሪሻኑ ዳሽቦርዱን ሲፈታ የዘይቱ አምፖል የሚገባበት ቀዳዳ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ተቃጥሎ አይደለም፤ ተነቅሎ ነው። ከመሸጧ በፊት አንድ ሰው ጥፍር የምታክል አምፖል አውጥቶ ኪሱ ከትቷል፤ ወዳጄ የሞተር ዋጋ ከፈለ።

ከዚያ ወዲህ «ይቺን መብራት አጥፋልኝ» የሚል ደንበኛ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። «ምን እንደሆነች እይልኝ» የሚል በስንት አንዱ ነው። የታመመ ልጅ አለቀሰ ብሎ አፉን የሚያፍን ወላጅ አይተው ያውቃሉ?

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ቁልፉን ኦን ላይ ያቁሙና ይቁጠሩ። የዘይት ማንቆርቆሪያዋ ምልክት፣ ባትሪዋ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ከሆነ የፍሬኑ፣ መኪናዎ ካለውም ቼክ ኢንጂን መብራት አለባቸው። ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋሉ፤ የፍሬኑ ደግሞ የእጅ ፍሬኑን ሲለቁ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ሞተር ተነስቶ ቀይ ካልጠፋ አይንዱ፣ ቢጫ ከሆነ በሳምንቱ ያሳዩ።

የዘይቷ ምልክት ኦን ላይ ካልበራች፣ ከሞተሩ ጎን፣ ብዙውን ጊዜ በፊልትሮው አካባቢ፣ አንድ ሽቦ ብቻ የገባበት ሴንሰር ይፈልጉ። ሽቦውን ነቅለው የሞተሩን ብረት ያስነኩት። መብራቷ ከበራች አምፖሉም ሽቦውም ደህና ናቸው፤ የሞተው ሴንሰሩ ነው። ካልበራች ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይ እንደ ወዳጄ ተዘርፈዋል።

የባትሪዋን መብራት ደግሞ ማንም አይንቃት። በብዙ የድሮ መኪኖች ዲናሞውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው በዚያች አምፖል በኩል የሚያልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ደህና ሆኖ ሳለ ቻርጅ ላያደርግ ይችላል። ስንቱ ነው በአንዲት አምፖል ምክንያት ዲናሞ የቀየረ! ቴስተር ካለዎት ባትሪውን ይለኩ፦ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞዎን አይንኩት።

ማታ ማታ ዳሽቦርዱ በሙሉ ከጨለመስ? መጀመሪያ ብርሃኑን የምትቀንስና የምትጨምረውን ትንሿን ተዟሪ ቁልፍ ያዙሯት፤ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው የሚነካት። ቀጥሎ ከመኪናው ወርደው የኋላ መብራቶቹን ይመልከቱ። በብዙ ቶዮታዎች የዳሽቦርዱና የኋላው መብራት በአንድ ፊውዝ ነው የሚሠሩት። ሁለቱም ከጨለሙ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ፊውዙ ነው፤ ያ ፊውዝ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ ደግሞ ቴፕ የገጠመልዎትን ልጅ ይጠይቁ። ከዳሽቦርዱ መብራት ሽቦ ቀጥሎ ለቴፑ ኤሌክትሪክ መውሰድ የተለመደ በሽታ ነው። 15 አምፔሩ ሰማያዊ ነው፣ 10ሩ ቀይ፣ 20ው ቢጫ። በተቃጠለው ልክ ይተኩ። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብርማ ወረቀት ፊውዝ የሚጠቀልል ሰው መኪናውን በገዛ እጁ እያቃጠለ ነው።

ለስፒከርና ለቸርኬ ገንዘብ አጥቶ የማያውቅ ሰው አምፖል ላይ ሲደርስ «ዛሬ እጄ ላይ የለም» ይላል። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። በእጃችን ያለችው አሮጊት ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ነው፤ እኛ ግን ነገ እንደምንጥላት እንይዛታለን።

አሁን ወደምወደው መድኃኒት ልምጣ። ላጲስ ነው።

ላፍቶ ስኖር ኮሮላዬ ዳሽቦርዷ ጉድጓድ ሲያገኛት ይበራል፣ አስፋልት ላይ ይጠፋል። ሁለት ጋራዥ አምፖል ቀየሩልኝ፤ ያው ሆነ። አንድ እሁድ የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁልፍ ፈታሁና የዳሽቦርዱን ክፈፍ በካቻቢቴ አወረድኩ። ከጌጆቹ ጀርባ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ የመዳብ መስመር የተነጠፈበት ፕላስቲክ አለ፤ አምፖሎቹ ሩብ ዙር ዞረው ቁጭ የሚሉት እሱ ላይ ነው። እግሮቻቸው ያረፉበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር። የዓመታት አቧራና እርጥበት! የልጄን ላጲስ ወሰድኩ፦ ያንን ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ የሆነውን። ሰማያዊው ሻካራ ስለሆነ መዳቡን ይልጣል፤ በቀዩ ቀስ አድርጌ ሳሸው መዳቡ እንደ አዲስ ሳንቲም ብልጭ አለ። የአምፖሎቹን እግርና የፊውዞቹንም ጥርስ እንዲሁ አሸሁ። ፍርፋሪውን እፍ ብዬ መለስኩት። ስምንት ዓመት ሆነው፣ አልጠፋም። ብርጭቆ ወረቀት ግን እንዳያስጠጉ፤ መስመሩን በልቶ ይጨርሰዋል።

አምፖል ከገዙ፣ ሶማሌ ተራም ይሁን ሰፈርዎ፣ የተቃጠለውን ይዘው ይሂዱ። የቤት መኪናና ሚኒባስ 12 ቮልት ነው፣ የጭነት መኪና ብዙውን ጊዜ 24። ኤልኢዲ ገዝተው አልበራ ካለ ገልብጠው ይሰኩት፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው። ለባትሪዋ ምልክት ግን ኤልኢዲ አይግዙ፤ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ዲናሞውን ላይቀሰቅሰው ይችላል።

ሲመልሱት፣ የፍጥነት መለኪያው በገመድ የሚሠራ ከሆነ፣ ገመዱ «ቀጭ» ብሎ መግባቱን ሳይሰሙ ብሎን አያጥብቁ። እኔ ያን እሁድ አልሰማሁም። ከላፍቶ ሳሪስ ድረስ በዜሮ ኪሎ ሜትር ነዳሁ፤ ዳሽቦርዱ ግን ቦግ ብሎ በርቷል።