የዋንክል ሞተር በአውሮፕላን ላይ ምን ያህል ውሃ ይፈልጋል?

የመኪና ሞተር ለአውሮፕላን ሲታሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ጉልበቱ ነው። እኔም የሳይንስ ክበባችን ይህን ጥናት በሰጠኝ ጊዜ የጀመርኩት ከዚያው ነበር፤ ኋላ ግን ሐሳቤን ሁሉ የያዘው የውሃው ፓምፕ ሆነ።

በመጀመሪያ ስሙ እንዳያሳስተን። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ (ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ.) ኖም የተባለው የፈረንሳይ ተሽከርካሪ ሞተር ሲሊንደሮቹ ራሳቸው ከፕሮፔለሩ ጋር ይዞሩ ስለ ነበር ነፋስ ያቀዘቅዛቸው ነበር እንጂ የውሃ ፓምፕ አላስፈለገውም። እኔ የምናገረው ግን ጀርመናዊው ፌሊክስ ዋንክል ስላሰበውና በ1957 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ተሞከረው ሞተር ነው። በዚህ ውስጥ ፒስቶን የለም፤ ሦስት ማዕዘን ያለው ሮተር ይሽከረከራል። የጃፓኑ ማዝዳ ለመኪና የሠራውን 13ቢ የተባለውን ባለ ሁለት ሮተር ሞተር፣ በአሜሪካ አውሮፕላን በገዛ እጃቸው የሚሠሩ አንዳንድ ሰዎች ይጠቀሙበታል።

ችግሩ እሳቱ ዘወትር በአንድ ወገን፣ በካንዴላዎቹ አጠገብ መንደዱ ነው። በሌላው ወገን ቀዝቃዛ አየርና ቤንዚን ይገባል። ስለዚህ የሞተሩ ቤት አንዱ ጎኑ ሲግል ሌላው ይቀዘቅዛል። ሮተሩን የሚያቀዘቅዘው ዘይት ቢሆንም ቤቱን የሚያድነው ውሃ ነው። ውሃው ከቆመ ውሃውን የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች ይቃጠላሉ። ባለ መኪና ዳር ይዞ ይቆማል፤ አብራሪው ግን የሚቆምበት ዳር የለውም።

እንግዲህ እናስላ። ውሃው የሚሸከመው ሙቀት 80 ኪሎዋት ነው እንበል። 1 ኪሎ ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ውሃው በሞተሩ ውስጥ ሲያልፍ ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር ከፈለግን፣ 80 ለ42 ሲካፈል በሰከንድ 1.9 ኪሎ ይሆናል፤ ይኸውም በደቂቃ 114 ሊትር ያህል ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ10 ሰከንድ ተኩል መሙላት ማለት ነው! ፀረ በረዶ ፈሳሽ ከተቀላቀለበት ደግሞ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ ከዚህም በላይ መፍሰስ አለበት።

እኔም ይህን እንዳየሁ፣ «ፓምፑን በትንሽ ፑሌጃ እጥፍ ማፍጠን ነው» ብዬ ጻፍኩ። የፊዚክስ መምህራችን ወረቀቱን አይተው፣ «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» አሉኝ።

«በመቶ» አልኩ።

«እስቲ ሂድና እዚሁ አፍላው።»

በአዲስ አበባ ቤተ ሙከራችን ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ሲደርስ ውሃው ተንተከተከ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ነው። ፓምፑም ውሃውን በሚስብበት በኩል ግፊቱ ይወርዳልና፣ ከልክ በላይ ከፈጠነ ትኩሱ ውሃ እዚያው አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሙቀት አይሸከምም። ከዚህም ሌላ ፍጥነቱን እጥፍ ማድረግ የሚበላውን ጉልበት ስምንት እጥፍ ያደርገዋል። የአውሮፕላን ሞተር ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ ዙር ስለሚሠራ፣ እንዲያውም ትልቅ ፑሌጃ አስገብተው ፓምፑን የሚያዘገዩ አሉ። የራዲያተሩ ክዳንም ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ይረዳል።

በኤሌክትሪክ ፓምፕ ላይ የታተመውንም ቁጥር አይቶ መደሰት አይገባም። ቧንቧውና ራዲያተሩ ሲቃወሙት የሚፈሰው ያንሳል፤ ባትሪው ከደከመም ፓምፑ አብሮ ይደክማል።

አሁን ስሌቴን አርሜ፣ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ፓምፕ ከነራዲያተሩ በበርሜልና በሰዓት ልንለካ ተዘጋጅተናል። በርሜሉን ያዋሱን የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ ናቸው።