«ቱርቦው ነው» ከመባሉ በፊት

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ፣ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ገዢ የሚያማርጠው እዚሁ ካገለገሉት ነው። ባለ ቱርቦ የፈለገ ሰው በሜዳ መንገድ ብቻ ሞክሮ ቀብድ ባይከፍል ይመረጣል። ረጋ ብሎ ሲነዳ ደህና የሆነ መኪና፣ ዳገት ላይ ነዳጁ እስከ ጥግ ሲረገጥ ጉልበት ሊከዳው ይችላል። ደላላው «ቱርቦው ነው፣ ይለወጣል» ቢልዎ አይቸኩሉ፤ ውዱ ዕቃ እሱ ነውና።

መካኒኩ እዚያው ዳገት ላይ የቱርቦውን የአየር ግፊት በመሣሪያ ያንብብ። ግፊቱ ከተወሰነለት በታች ከቀረ፣ መጀመሪያ አየር የሚያመልጥበት ቦታ ይፈለግ። የላላ ማሰሪያ ወይም የተሰነጠቀ ማኒኮቶ ዝቅተኛውን ግፊት ችሎ በከፍተኛው ይከፈታል። ፉጨት ይሰማል፤ ናፍጣ ከሆነ ጥቁር ጢስ ይከተላል። ሞተሩ ጠፍቶ መስመሩ በኮምፕሬሰር አየር ይሞላና ሳሙና ይቀባል፤ አረፋው ቦታውን ያሳያል። ሰማያዊ ጢስ ግን የዘይት ነው፤ ያኔ ቱርቦውን መጠርጠር ያባት ነው።

ግፊቱ ሙሉ ሆኖ ጉልበቱ ከተቆራረጠ ነገሩ ሌላ ነው። በታመቀ አየር ውስጥ ብልጭታ መዝለል ይከብደዋል፤ ስለዚህ የቤንዚን ሞተር ካንዴላና ቦቢና ይታዩ። የካንዴላው ክፍተት ከ1.1 ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ሲጠብ ብቻ የሚድን መኪና አለ። ቀጥሎ የነዳጅ ፊልትሮና ፓምፕ።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦው ይበልጥ ይለፋል። የቀድሞው ባለቤት ግፊቱን አስጨምሮ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ራሱ ጉልበት ይቀንሳል። ይህን ሻጩን መጠየቅ ነው።