ጠባቂ የሌለው የመሰለው ወታደር

ቼዝ ጀማሪዎች ሆነን ስንጫወት ብዙ ጊዜ የምንጎዳው ገና በመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት እርምጃዎች ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ አጀማመር ብቻ መርጠን እንመለከታለን፤ ይኸውም የስፔን አጀማመር ወይም ሩይ ሎፔዝ የሚባለው ነው።

ሩይ ሎፔዝ ስፔናዊ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1561 ስለ ቼዝ መጽሐፍ አሳትመዋል። (ባለጋራህን ፀሐይ ዐይኑን እንድትወጋው አድርገህ አስቀምጠው ብለው መክረዋል ይባላል። ይህን እንኳ ባንከተላቸው ይሻላል።)

ሁለት ጀማሪዎች ገበታው ፊት ተቀምጠዋል እንበል። ነጭ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ያራምዳል፤ ጥቁርም እንዲሁ። ነጭ በንጉሡ በኩል ያለውን ፈረስ አውጥቶ የጥቁርን ወታደር ያስፈራራል፤ ጥቁር በንግሥቲቱ በኩል ባለው ፈረስ ይጠብቀዋል። የነጭ ጳጳስ እስከ ቢ5 ዘልቆ በጠባቂው ፈረስ ላይ ያነጣጥራል። ጥቁር የዳሩን ወታደር ወደ ኤ6 በመግፋት ጳጳሱን እንዲወስን ያስገድደዋል። ጳጳሱ ፈረሱን ይበላል፤ ጥቁርም በንግሥቲቱ ፊት በቆመው ወታደር ጳጳሱን ይበላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ገበታውን እንይ። ጠባቂው ፈረስ የለም፤ በኢ5 ያለው ወታደር ብቻውን ቀርቷል። የነጩ ተጫዋች ደስ ይለውና በፈረሱ ይበላዋል። ወዲያው የጥቁር ንግሥት ወደ ዲ4 ትወጣለች። ፈረሱንም በኢ4 ያለውንም ወታደር በአንድ ጊዜ ይዛለች! ፈረሱ ሲሸሽ ወታደሩን ትበላለች፤ ያውም ቼክ ብላ።

በዚህ ጊዜ «አታለልኸኝ» ብሎ ወንድሙን የሚቆጣ አይጠፋም። ነገር ግን በቼዝ የተሸሸገ ነገር ምን አለ? ጳጳሱን የበላው ወታደር ከንግሥቲቱ ፊት ሲነሣ መንገዷ ተከፍቷል፤ ሁለቱም እኩል ያዩት ነበር። አንዱ የተመለከተው የሚበላውን ብቻ ነው።

ታዲያ ነጭ ምን ያድርግ? ንጉሡን በፈረሱ በኩል ወደ ዳር አስጠግቶ ግንቡን በአጠገቡ ያምጣ። ቦቢ ፊሸር በ1966 በሃቫና ኦሊምፒያድ እንዲህ ተጫውቶ አሸንፏል። ከዚያ በኋላ ጥቁር ነገሩን ችላ ካለ ወታደሩ በእርግጥ ይበላል። ንግሥቲቱ እንደ ቀድሞው ወጥታ የኢ4ን ወታደር ብትበላ ግንቡ ወደ ኢ1 ይመጣባታል፤ ንጉሧ ከኋላዋ ስለ ቆመ ከመስመሩ መውጣት አትችልም።