ሸክምና ሶምሶማ

በደቡብ ወሎ የመካነ ሰላም ከተማንና የዙሪያዋን የቦረና ገጠር ሰው «ለአእምሮህ ጤና ስፖርት ሥራ» ብሎ መምከር መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። አገሩ ደጋ ነው፤ ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ወደ ዓባይ የሚወርደው መሬት ገደልና ዳገት ነው። ገበሬው ከሞፈሩ ጋር ጎንበስ ቀና ሲል ይውላል። እናት ሃያ ሊትር ውኃ በጀሪካን አዝላ ከምንጭ ወደ ቤቷ ስትወጣ ገመዱ ደረቷን ያስጨንቃታል፣ ወገቧ ይጎብጣል፣ ዐይኗም ከእግሯ ሥር ካለው ድንጋይ አይነሳም። እንቅስቃሴ መድኃኒት ከሆነ እነዚህ ሰዎች ከሁሉ በፊት ከጭንቀትና ከድብርት ነጻ መሆን ነበረባቸው፤ ግን አይደሉም። ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ስፖርትን የሚሰብክ ሰው በዚህ አገር ሰሚ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም።

መጀመሪያ ማስረጃውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከባድ ድብርት የተያዙ፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 156 ሰዎችን በሦስት ከፈሉ። አንዱ ቡድን ሰርትራሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት ወሰደ፤ ሁለተኛው በሳምንት ሦስት ቀን በፍጥነት ተራመደ ወይም ሶምሶማ ሮጠ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አደረገ። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀድሞ ለውጥ ቢያሳይም፣ ከ16 ሳምንታት በኋላ የሦስቱ ቡድኖች ውጤት ተቀራራቢ ሆነ። «ፈቅደው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ተስፋ ያደረገ ሰው ይሻለዋል» የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ ተገቢም ነው። ስለዚህ አንድ ጥናት አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ግምገማ 218 ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ መራመድና ሶምሶማ፣ ጡንቻ ማጠንከርና ዮጋ ድብርትን እንደሚያቀሉ አገኘ። ከሙከራዎቹ ብዙዎቹ የአሠራር ጉድለት እንዳለባቸው አጥኚዎቹ ራሳቸው ስለመሰከሩ፣ ውጤቱን ተአምር ብሎ መሸጥ ስሕተት ነው።

«ጤነኛ ስለሆነ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ስለተንቀሳቀሰ አይደለም ጤነኛ የሆነው» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል። ተመራማሪዎች ይህን ለመፈተሽ በኖርዌይ መጀመሪያ የድብርትም የጭንቀትም ምልክት ያልነበረባቸውን ወደ 34,000 የሚጠጉ ሰዎች ለ11 ዓመታት ተከታተሉ። ሁሉም በሳምንት ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢንቀሳቀሱ ኖሮ በኋላ ከታየው ድብርት 12 በመቶው ሊቀር ይችል እንደነበር ገመቱ። ጭንቀትን ግን ሲከላከል አላዩም። አንዲት ሰዓት! ለዚህ ጂምም መሮጫ ጫማም አያስፈልግም።

ታዲያ የባለ ጀሪካኗ እናት ጉዳይ እንዴት ይፈታል? እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ እዚህ ላይ ይረዳናል። ሰው በትርፍ ጊዜው ወዶ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ከተሻለ የአእምሮ ጤና ጋር ሲያያዝ፣ በሥራ ላይ ያለው የጉልበት ልፋት ግን እንዲያውም ከአእምሮ ጤና መጓደል ጋር ተያይዞ ተገኘ። ጡንቻው ያው ጡንቻ፣ ልቡም ያው ልብ ነው። እንደኔ እምነት ልዩነቱ ያለው በፈቃድና በዕረፍት ላይ ነው። ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ሲደክመው ይቆማል፤ ውኃ ተሸካሚዋ መቆም አትችልም፣ ቤት የሚጠብቃት ሊጥና ልጅ አለ። ሯጩ ቤቱ ገብቶ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ እሷ ጀሪካኑን አውርዳ እንጨት ትፈልጣለች። በዕረፍት የሚካካስ ድካም እንቅልፍ ይሰጣል፤ ዕረፍት የሌለው ድካም ሰውን ይፈጃል። ስለዚህ ለዚህች እናት የአእምሮ ጤና ምክር ስፖርት አይደለም። ምንጩን ወደ ቤቷ ማቅረብ፣ ሸክሙን በአህያ ማስጫን፣ ልጆችና ባል በሥራው እንዲያግዟት ማድረግ ነው ምክሩ።

ስፖርቱ የሚያስፈልገው ሌላ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከወንበር የማይነሳው የቢሮ ሠራተኛ፣ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ የሚውለው ነጋዴ፣ በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ ለፈተና አንገቱን ደፍቶ የሚያድረው ተማሪ። ቁጭ ያለ ሰው ሐሳብ ያብሰለስላል፤ አንዷን ነገር እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሲያዞራት ይመሻል። ፈጠን ብሎ ሲራመድ ግን ትንፋሹና ዳገቱ ያንን አዙሪት ያቋርጡታል፤ ሌሊትም ደህና ይተኛል። አንጎልም ሳይቀር ይለወጣል፦ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ለአንድ ዓመት በእግር በተራመዱ አረጋውያን ላይ፣ ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎላቸው ክፍል ሂፖካምፐስ 2 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኝቷል።

ከባድ ድብርት የያዘው ሰው ግን ከአልጋው የሚነሳበት ጉልበት የለውም፤ «ተነስና ሩጥ» ሲባል ወቀሳ ይሆንበታል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደቡብ ወሎ ድረስ ሲዘልቅ ዘመድ ያጣ፣ ቤቱ የተዘረፈ ሰውም ሐዘኑ በሶምሶማ አይወጣለትም። መድኃኒት የጀመረ ሰው ስፖርት ጀመርኩ ብሎ አያቋርጥ፤ ጸበሉንም ዱዓውንም የሚተውበት ምክንያት የለም። ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያወራ ሰው ካለ ደግሞ ነገ ሳይባል ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ለታመመው ሰው የሚሆን አንድ መንገድ በባህላችን ውስጥ አለ፤ መሸኘት። «ስፖርት ሥራ» የተባለ ሰው እምቢ ይላል፤ «ሸኘኝ» የተባለ ሰው ግን እንግዳውን ብቻውን መስደድ ስለሚከብደው ነጠላውን ያነሳል። ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠ ወዳጅ ካላችሁ ዛሬ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ስትወጡም እስከ ታች መንገዱ ድረስ ሸኘኝ በሉት፣ ነገም ተመልሳችሁ እንደዚያው በሉት።